በክንፋሙ ዝንብ ላይ ያልታየ ልዩነት፦ የማይክሮዶን ሚርሚካይ ገለጻና የዝርያ ወሰን ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2002 ካርስተን ሾንሮገና ባልደረቦቹ የለንደኑ ሊኒያን ማኅበር በሚያሳትመው የሥነ ሕይወት መጽሔት ላይ የአንድ አንዣባቢ ዝንብ አዲስ ዝርያ ገለጹ። ዝርያው ማይክሮዶን ሚርሚካይ ተባለ። ገለጻው በነፍሳት ጥናት ከተለመዱት ገለጻዎች በአንድ ነገር ይለያል። ክንፍ ያወጣው ዝንብ ከቅርብ ዘመዱ ከማይክሮዶን ሙታቢሊስ በምን እንደሚለይ አይናገርም፤ ተመራማሪዎቹ በክንፋሙ ዝንብ ላይ የሚያስተማምን መለያ አላገኙምና። ሁለቱን ዝርያዎች የለየው እጩ ወደ ዝንብነት በሚለወጥበት በፑፓው ደረጃ የታየ የቅርጽ ልዩነት፣ ከዚያም ጋር እጩ ያደገበት የጉንዳን ጎጆ ማንነት ነበር።

አዲሱ ዝርያ የተገኘው ማንም ካልረገጠው ደን አይደለም። በዓለም ላይ ነፍሳት ከሁሉ በላይ ከተሰበሰቡባቸውና ከተመዘገቡባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በብሪታንያ፣ ያውም ካርል ሊኒየስ በ1758 በሰጠው የአንድ ስም ጥላ ሥር ሆኖ ለ244 ዓመታት ሳይለይ የቆየ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ናሙናው በመርፌ ተሰክቶ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ መለያ ወረቀትም ተጽፎለታል። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

ከጉንዳን ጋር የሚኖር ዝንብ

አንዣባቢ ዝንቦች ሲርፊዴ በተባለው አስተኔ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ እስካሁን ከ6000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተገልጸዋል። ብዙዎቹ በቢጫና በጥቁር ቀለማቸው ንብን ወይም ተርብን ይመስላሉ፤ ሆኖም መናደፊያ የላቸውም፤ ክንፋቸውም እንደ ንብ አራት ሳይሆን ሁለት ነው። በአየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብለው የመቆም ችሎታቸው ለስማቸው ምክንያት ሆኗል። ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ በክንፋቸው መሐል የሚያልፈውና ከሌሎች ጅማቶች ጋር የማይገናኘው «ሐሰተኛ ጅማት» ነው። የእጮቻቸው አኗኗር ግን እጅግ የተለያየ ነው። የአንዳንዶቹ እጭ በገብስና በጎመን ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ ይመገባል። የሌሎቹ በቆሻሻ ውኃ ውስጥ በረጅም ጭራ መሰል ቱቦ እየተነፈሰ ያድጋል። በበሰበሰ ግንድ ወይም በተክል ሥር የሚያድጉም አሉ።

የማይክሮዶን ወገን ከእነዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ነው። እጮቹ የሚኖሩት በጉንዳን ጎጆ ውስጥ ሲሆን፣ የሚመገቡትም የጉንዳኖቹን እንቁላልና ግልገል ነው። ክንፋሞቹ እንደ ሌሎቹ አንዣባቢ ዝንቦች አበባ አዘውትረው አይጎበኙም፤ ከጎጆው አካባቢም ብዙ አይርቁም። እጩ ከላይ ጉልላት መሰል፣ ከታች ጠፍጣፋ ነው፤ ራሱ በግልጽ አይታይም፤ አካሉም እንደ ተለመደው የነፍሳት አካል በቀለበት የተከፋፈለ አይመስልም። በአሥራ ስምንት መቶ ሃያዎቹ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት፣ ስፒክስና ፎን ሃይደን፣ ይህን ፍጡር እያንዳንዳቸው ሲያገኙ ነፍሳት መሆኑን አልጠረጠሩም። ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ መስሏቸው ስኩቴሊጌራ እና ፓርሙላ የሚሉ አዲስ የወገን ስሞች አወጡለት። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ለፈገግታ ይነገራል፤ ነገር ግን ከፈገግታው ባሻገር አንድ ቁም ነገር አለው። ክንፋሙ ዝንብ በዚያን ጊዜ ሳይንሳዊ ስም ካገኘ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የወገኑ ስም ማይክሮዶንም በማይገን አማካኝነት በ1803 ወጥቷል። አንዱ የሕይወት ደረጃ ከሌላው ጋር ባለመያያዙ ግን አንድ እንስሳ በሁለት የእንስሳት ክፍሎች ውስጥ ሊመዘገብ ችሏል። የ2002ቱ ገለጻ የተነሣበት ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። በአንድ በኩል አንድ ፍጡር ሁለት ሆኖ ተቆጠረ፤ በሌላ በኩል ሁለት ፍጡራን አንድ ተባሉ። ሁለቱም ስሕተቶች እጩንና ክንፋሙን አንድ ላይ ባለማጥናት የመጡ ናቸው።

ማስረጃው ከየት መጣ

የማይክሮዶን ሙታቢሊስ እጮች በብሪታንያና በአየርላንድ ከሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ጉንዳኖች ጎጆ ተሰብስበዋል። አንደኛው ፎርሚካ ሌማኒ ነው፤ ደረቅ በሆነ መሬት፣ በድንጋይ ሥርና በሞተ እንጨት ውስጥ ይሰፍራል። ሁለተኛው ሚርሚካ ስካብሪኖዲስ ሲሆን፣ እጮቹ የተገኙበት ጎጆው በረግረግና በእርጥብ መሬት፣ ስፋግነም በተባለው ሞስ ጉብታዎች ውስጥ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ጉንዳኖች የሚመደቡት በተለያየ ንኡስ አስተኔ ነው፤ ዝምድናቸው ሩቅ ነው ማለት ነው። አንድ ዝንብ ሁለቱንም አስተናጋጆች ይጠቀማል የሚለው አስተሳሰብ በራሱ የማይቻል አልነበረም። ከሌላ ጥናት ጋር ሲታይ ግን አጠራጣሪ ሆነ።

ያ ጥናት ግራሃም ኤልምስና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ በፎርሚካ ሌማኒ ጎጆ ካደጉ ሴት ዝንቦች የተገኙ አዲስ እንቁላሎችን ወስደው ለተለያዩ የዚሁ ጉንዳን መንጋዎች አቀረቡ። እናቲቱ ባደገችበት ጎጆ ጉንዳኖች ዘንድ እንቁላሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ። ጉንዳኖቹ የተወሰዱበት ቦታ ከእናቲቱ ጎጆ እየራቀ በሄደ መጠን ግን የሚተርፈው እንቁላል ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ። ልብ ሊባል የሚገባው ጉንዳኖቹ ሁሉ የአንድ ዝርያ መሆናቸው ነው። እንቁላሎቹ ከእናታቸው ያገኙት፣ ጉንዳኖቹን የሚያታልል ሳይሆን የማይቀር ሽፋን እንዳላቸው ውጤቱ አመለከተ። ሽፋኑ የሚያታልለው ግን የአካባቢውን ጉንዳን ነው፤ ባዕዱ ጉንዳን ይነቃበታል። በሰሜን አሜሪካ በሌሎች የማይክሮዶን ዝርያዎች ላይ በ1990 የወጡ የኬሚስትሪ ጥናቶችም የእጩ ቆዳ ሽፋን ከአስተናጋጁ ጉንዳን ግልገል ሽፋን ጋር እንደሚመሳሰል አሳይተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ራሱን በራሱ አመጣ። ጥቂት ርቆ ከሚገኝ የዚያው ዝርያ ጎጆ ጋር እንኳ መላመድ የሚያዳግተው ዝንብ፣ ሩቅ ዘመድ የሆነ ሌላ ጉንዳን ጎጆ ውስጥ በሌላ መልክዓ ምድር እንዴት ሊኖር ይችላል? የሾንሮገ ቡድን ከሁለቱም አስተናጋጆች ጎጆ ፑፓዎችን ሰብስቦ ለካ። በፑፓው ቅርፊት የፊት ጫፍ ላይ ሁለት አጫጭር የመተንፈሻ ቀንዶች ይወጣሉ። የእነዚህ ቀንዶች ቅርጽና የልኬታቸው ምጣኔ ከፎርሚካ ጎጆ የመጡትን ከሚርሚካ ጎጆ ከመጡት ለየ። ከፑፓዎቹ የወጡት ክንፋሞች ጎን ለጎን ሲመረመሩ ግን ይህ ነው የሚባል ቋሚ መለያ አልተገኘባቸውም።

እዚህ ላይ አንድ የአመክንዮ ወጥመድ ነበር፤ አንባቢም ሊያስተውለው ይገባል። የምግብና የእርጥበት ልዩነት የእጩን ቅርጽ ሊቀይር ይችላል። የፑፓው ልዩነት ብቻውን ቢቀርብ «አንድ ዝርያ በሁለት አስተናጋጆች ዘንድ ሲያድግ የሚያሳየው መልክ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ነበር። የአስተናጋጅ ልዩነቱም ብቻውን ቢቀርብ «የአካባቢ መላመድ ነው» ሊባል ይችላል። የገለጻው ጥንካሬ ሁለቱ ነጻ የማስረጃ መስመሮች በአንድ ወሰን ላይ መገናኘታቸው ነው። ለማንኛውም ድብቅ ዝርያ ገለጻ ቢሆን ከዚህ ያነሰ ማስረጃ ማቅረብ አያስኬድም፤ ምንም እንኳ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ይህን ያህል ባይጠይቅም።

ሕጉ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

የስያሜ ሕጉ አራተኛ እትም በሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሕጉ ከአዲስ ዝርያ ስም የሚጠብቀው ዝርዝር አጭር ነው። ስሙ በታወቀ የኅትመት መንገድ መውጣት፣ አዲስ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ በላቲን ፊደል መጻፍና ወገኑን ተከትሎ በሁለት ቃል መቅረብ አለበት። ዝርያውን ይለያሉ የሚባሉት ባሕርያት በቃላት መገለጽ አለባቸው። በመጨረሻም ዋቢ ናሙናው፣ ማለትም ስሙን ለዘለዓለም የሚሸከመው ሆሎታይፕ፣ ተለይቶ መሰየምና የሚቀመጥበት ስብስብ መታወቅ አለበት። ከ2012 ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ የሚታተም ሥራ ዙባንክ በተባለው መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብ ይኖርበታል።

«ይለያሉ የሚባሉት» የሚለው አነጋገር በዘፈቀደ የገባ አይደለም። ሕጉ ባሕርያቱ በእርግጥ ዝርያውን መለየት አለመለየታቸውን አይመረምርም፤ የሚደነግገው ስለ ስም እንጂ ስለ ዝርያ አይደለምና። አንድ ስም በሕግ ፊት ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ የሚጠራው ዝርያ ላይኖር ይችላል። የነፍሳት ጥናት ሥነ ጽሑፍ ለአንድ ዝርያ የተሰጡ ሁለትና ሦስት ስሞች የሞሉበት ለዚህ ነው። ሕጉ ባሕርያቱ ከየትኛው የሕይወት ደረጃ መምጣት እንዳለባቸውም አይወስንም። የእጭ፣ የፑፓ ወይም የእንቁላል ባሕርይ እንደ ክንፋሙ ባሕርይ ተቀባይነት አለው። በዚህ ረገድ የማይክሮዶን ሚርሚካይ ገለጻ ምንም እንከን የለበትም።

ሌላው ጥያቄ የቆየው ስም ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። አንድ ዝርያ ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው ስም ዋቢ ናሙናውን ይከተላል። በተለመደው ሁኔታ ተመራማሪው ወደ ሙዚየም ሄዶ የቆየውን ናሙና በአጉሊ መነጽር ያያል፤ አዲስ የተገኘውን መለያ በላዩ ላይ ይፈልጋል፤ ጉዳዩም ያልቃል። ክንፋሞቹ በማይለዩበት ሁኔታ ግን የሊኒየስ ዘመን ናሙና የቱንም ያህል ቢታይ አይናገርም። ፑፓ የለውም፤ ከየትኛው ጉንዳን ጎጆ እንደወጣም የጻፈ የለም። በ2002ቱ ሥራ ሙታቢሊስ የሚለው ስም ከፎርሚካ ሌማኒ ጋር ለሚኖረው ተወ፤ አዲሱን ስም ያገኘው ከሚርሚካ ጋር የሚኖረው ነው። ሚርሚካይ ማለት በላቲን «የሚርሚካ» ማለት ነው፤ የአስተናጋጁን ወገን ስም በአገናዛቢ መልክ የያዘ ነው። ሙታቢሊስ ደግሞ «ተለዋዋጭ» ማለት መሆኑ የአጋጣሚ ምፀት አለው።

ከ2003 ወዲህ የተስፋፋው የዘረ መል መለያ፣ 658 ፊደላት ያህል ርዝመት ያለው የሚቶኮንድሪያ ቁራጭ፣ እንዲህ ያለውን ችግር የሚያቃልል ይመስላል። ብዙ ጊዜም ያቃልላል። በአንዣባቢ ዝንቦች አስተኔ ውስጥ ግን በቅርብ የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚጋሩበት፣ በተቃራኒውም አንዱ ዝርያ በውስጡ ሰፊ ልዩነት የሚያሳይበት ሁኔታ ይታወቃል። ቁጥሩ የት ላይ ሲደርስ «ዝርያ» እንደሚባል የሚወስን ተፈጥሯዊ ምልክት የለም። የዘረ መል ማስረጃ እንደ ሦስተኛ መስመር ሲቀርብ ኃይለኛ ነው፤ ብቸኛ ዳኛ ሲሆን ግን የቀንድ አውጣውን ዓይነት ስሕተት በአዲስ መልክ ሊደግም ይችላል።

ብርቅ የሆነው ይበልጥ ሲቀንስ

የ2002ቱ ጽሑፍ በርእሱ ላይ ብርቅዬ ዝርያዎች እንዴት ለመጥፋት ወደ ተቃረቡነት እንደሚሸጋገሩ ያነሣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ማይክሮዶን ሙታቢሊስ በብሪታንያ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚታወቅ ዝንብ ነበር። ያ ጥቂት ቦታ ለሁለት ዝርያዎች ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይበልጥ ያነሰ ነው፤ በሜዳው ላይ አንድም ዝንብ ሳይሞት ሁለቱም ከትናንት ይልቅ ለአደጋ ቀርበው ተገኙ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ግን የጥበቃው ዓይነት ነው። አንዱ ደረቅና ፀሐይ የሚያገኘው መሬት ይፈልጋል፤ ሌላው ረግረግ። ሁለቱን በአንድ ስም የሚያውቅ የጥበቃ ዕቅድ ደረቁን መሬት ጠብቆ ረግረጉ ሲጠነፈፍ ዝም ሊል ይችላል፤ በመዝገቡ ላይ ዝርያው አለና።

ይህ ሥጋት ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከገለጻው ደራሲዎች መካከል የነበረው ጄረሚ ቶማስ ቀደም ሲል ታላቁ ሰማያዊ ቢራቢሮ ከብሪታንያ ሲጠፋ በቅርብ ያጠና ሰው ነው። የዚህ ቢራቢሮ አባ ጨጓሬ መጀመሪያ የጦስኝ ወገን የሆነ ተክል አበባ ይመገባል። ቀጥሎ መሬት ላይ ይወድቅና የሚርሚካ ጉንዳኖች የራሳቸው ግልገል መስሏቸው ወደ ጎጏቸው ይወስዱታል፤ እዚያም ግልገላቸውን እየበላ ያድጋል። ጉንዳኖቹ የየትኛውም የሚርሚካ ዝርያ ቢሆኑ ያነሡታል። በበቂ ሁኔታ ተርፎ የሚያድገው ግን በአመዛኙ ሚርሚካ ሳቡሌቲ ዘንድ ነው። ለአሥርታት የቢራቢሮው ጠባቂዎች ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቦታዎቹን አጥረው ከብት እንዳይገባባቸው ሲከላከሉ ቆዩ። ጥንቸሎችም በ1950ዎቹ በበሽታ አለቁ። ሣሩ ረዘመ፤ አፈሩ ቀዘቀዘ። ሙቀት ወዳዱ ሳቡሌቲ ለቀቀና ቅዝቃዜን የሚችለው ሚርሚካ ስካብሪኖዲስ ተተካ። ጦስኙ አለ፤ «ሚርሚካ» አለ፤ ቢራቢሮው ግን በ1979 ከአገሪቱ ጠፋ። ኋላ ከስዊድን መጥቶ እንደገና የለመደው ሣሩ በግጦሽ አጥሮ ትክክለኛው ጉንዳን ከተመለሰ በኋላ ነው።

በቢራቢሮው ታሪክ ሳይለይ የቀረው የአስተናጋጁ ዝርያ ነበር፤ በማይክሮዶን ታሪክ ደግሞ የእንግዳው። ውጤቱ ሊመሳሰል ይችል ነበር። ስለዚህ በፑፓ ቀንድ ላይ የሚደረግ የልኬት ሥራ ለሙዚየም መሳቢያ ሥርዓት ብቻ የሚጠቅም ተደርጎ መታየት የለበትም።

መለያ ወረቀትና የፑፓ ቅርፊት

ከዚህ ገለጻ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ለጀማሪ ተመራማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። በመረብ የተያዘ ክንፋም ማይክሮዶን በቅርጹ ብቻ ሙታቢሊስ ነው ወይስ ሚርሚካይ ማለት ካልተቻለ፣ በየሙዚየሙ ያሉት የቆዩ ናሙናዎች አብዛኞቹ ስም አልባ ሆኑ ማለት ነው። ከዚህ የሚድኑት ሁለት ዓይነት ናሙናዎች ናቸው። አንደኛው ከፑፓ አድጎ የወጣና የፑፓው ቅርፊት ከእርሱ ጋር በአንድ መርፌ የተሰካ ነው። ሁለተኛው በመለያ ወረቀቱ ላይ የጉንዳኑ ስም የተጻፈለት ነው፤ የቦታው ዓይነት፣ «ረግረግ» ወይም «ደረቅ ድንጋያማ መሬት» የሚል አንድ ቃል እንኳ፣ ፍንጭ ይሆናል። እጭ አሳዳጊው ዝንቡ ከወጣ በኋላ ባዶውን ቅርፊት መጣል ይቀናዋል። የማይክሮዶን ታሪክ የሚያሳየው ከሁለቱ ይበልጥ የሚናገረው ያ ባዶ ቅርፊት ሊሆን እንደሚችል ነው። ጉንዳኖቹም ጭምር፣ ጥቂት ሠራተኞች በአልኮል፣ ከናሙናው ጋር መቀመጥ አለባቸው፤ የአስተናጋጁ ስም ዛሬ ትክክል ቢመስልም ነገ ራሱ ሊከፈል ይችላልና።

ስለ መለያ ወረቀት ከተነሣ፣ በአገራችን ሆኖ የዚህን አስተኔ የቆየ ሥነ ጽሑፍ ለሚያገላብጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባል። የጣሊያኑ ሊቅ ማሪዮ ቤዚ በ1915 በለንደን ያሳተመው መሠረታዊ ሥራ በርእሱ «የኢትዮጵያ ክልል» አንዣባቢ ዝንቦችን እንደሚመለከት ይናገራል። ይህ አጠራር የእንግሊዙ የአእዋፍ ሊቅ ስክሌተር በ1858 ካወጣው የእንስሳት ጂኦግራፊ ክፍፍል የመጣ ሲሆን፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለውን አፍሪካ በሙሉ ያመለክታል። ዛሬ «አፍሮትሮፒካል» በሚለው ተተክቷል። በአሮጌ ካታሎግ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቃል ያየ ተማሪ ናሙናው ከሸዋ ወይም ከከፋ መጣ ብሎ ቢመዘግብ፣ ምናልባት ከናታል ወይም ከናይጄሪያ የተሰበሰበ ዝንብ ለአገሪቱ የዝርያ ዝርዝር ይሰጣል። የመሰብሰቢያውን ቦታ ከራሱ ከናሙናው መለያ ማንበብ እንጂ ከርእስ መቅዳት አይቻልም።

በቅርብ ዓመታት የተነሣ ሌላ ክርክር ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ቢታይ ይጠቅማል። በ2015 ማርሻልና ኤቨንሁዊስ ከሌላ የዝንብ አስተኔ የሆነ፣ አናጢ ንብን የሚመስል ደቡብ አፍሪካዊ ዝርያ ማርሌይሚያ ዛይሎኮፔ በሚል ስም ገለጹ። ገለጻው የተመሠረተው በፎቶግራፍ ላይ ብቻ ነበር፤ ዝንቡ አልተያዘም። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ በሥዕሉ ላይ የታየው ግለሰብ እንደ ዋቢ ናሙና ይቆጠራል። በነገሩ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የስያሜ ኮሚሽኑም በ2017 ያልተያዘ ናሙናን ለዋቢነት የሚጠቀም ተመራማሪ ምክንያቱን እንዲያስረዳ የሚያሳስቡ ምክሮችን በመግለጫ አወጣ። ያ ዝንብ መልኩ ልዩ ስለነበር በፎቶግራፍ ብቻ ሊታወቅ ቻለ። ማይክሮዶን ሚርሚካይ ቢሆን ግን ሺህ ፎቶግራፍ ቢነሣ ከሙታቢሊስ ተለይቶ ባልተገለጸ ነበር። ፎቶግራፍን ለዋቢነት ማስለመድ የሚያመጣው አድልዎ እዚህ ላይ ይታያል፤ ዓይን የሚስበው ዝርያ ስም ያገኛል፤ ድብቁ ይቀራል። ድብቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው።

የማይክሮዶን ሚርሚካይ ጉዳይ በ2002 አልተዘጋም። ከብሪታንያ ውጭ በአውሮፓ አህጉር ዝርያው በሌሎች አገሮችም ተገኘ፤ በ2011 ሲሞና ቦኔሊና ባልደረቦቿ ሥርጭቱንና አስተናጋጆቹን አጠናቅረው አሳተሙ። ዋናው አስተናጋጅ በዚያም ሚርሚካ ስካብሪኖዲስ ሆኖ ሳለ፣ እጮቹ በሌሎች የሚርሚካ ዝርያዎች ጎጆም ውስጥ ተገኙ። ጽሑፉ በርእሱ ላይ ያነሣው ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሙታቢሊስ ላይ የተነሣው ራሱ ነው፤ ይህ አዲስ ስም የተሰጠው ዝንብ በውስጡ ሌላ ድብቅ ዝርያ ይዞ ይሆን? የሚመረመረውም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከጎጆው እየተለቀመ በሚለካው የፑፓ ቅርፊት ነው።